አፍ ያልፈታ ልጅና የእጅ ጥበብ

አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ለሹመት ፈላጊ ብቻ የተነገረ አይደለም። አገራችን ከጥንት ጀምሮ የነገር አገር ናት። ባለጉዳይ በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ይሟገትባት የነበረች፥ ቅኔ የሚዘረፍባት፥ ሽማግሌ በአንድ ቃል ደም የሚያደርቅባት አገር ስለ ሆነች፤ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ርስቱንም ክብሩንም ለማስጠበቅ ይቸግረዋል። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን ስንኖር፤ እውነቱ በእጁ ያለ፥ ቃሉ ግን ከአፉ የማይወጣለት ባለጉዳይ በላብ ተጠምቆ ሲቆም፥ ጉዳዩንም ሌላ ሰው ሲያወራለት አይተናል። በዚያን ጊዜ ሁሉ በልባችን የሚመላለሰው ጥያቄ፤ ይህ ሰው ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አንደበቱን የሚረዳለት ሰው አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዴት ሆኖ ይቆም ነበር? የሚል ነው።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍበት ያሰብነው፤ ንግግር የዘገየባቸውን ወይም የተበላሸባቸውን ሕፃናት በሥዕል፥ በሸክላ፥ በስፌትና በሌላውም የእጅ ሥራ እየረዱ ስለ ማናገር ነው። «አፍ ሲታመም እጅን ማሠራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን በየተራው እንሰጣለን፤ አስቀድሞ ግን በዓይናችን ያየነውን እንናገር።

ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተዳፋት ከሚኖሩት ጎረቤቶቻችን በአንዱ ቤት አንድ የ4 ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ ነበረ። ልጁ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ የሚናገራትንም ጥቂት ቃል ከእናቱ በቀር የሚያስተውላት አልነበረም። ዘመዶቹ «አባቱም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የተናገረው፤ ተዉት» ይሉ ነበር። በእንቁጣጣሽ ዕለት እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ አበባና ወፍ በቀለም ሥሎ ከታላቅ ወንድሙ ጋራ ወደ ቤታችን መጣ። ሥዕሉን በሁለት እጁ አቀረበልን፤ የእንኳን አደረሳችሁን ቃል ግን ወንድሙ ተናገረለት። እኛም ሳንቲሙን ለተናገረው ሰጠንና ሥዕሉን የሣለው ልጅ ባዶ እጁን ቆመ። ይህን ያደረግነው በክፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ለሚናገር እንደሚሰጥና ዝም ያለውን እንደሚያልፍ በራሳችን እጅ አየነው።

ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያው ቤት ሌላ ነገር ታየ። አያቱ መሶብ ይሰፉ ነበርና ልጁ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ አለላውን ይነካካል። አያቱ ቀይ አለላ አንሥተው «ይኸን ልስጥህ፥ የኔ ጌታ?» አሉት። ልጁም «አይ» አለ። አያቱ እንቢ አለ ብለው አለላውን መልሰው አስቀመጡት፤ ልጁም መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። «ይህ ልጅ ምን ዓይነት አመል ነው ያለው?» ተባለ። ነገሩ የታወቀው በኋላ ነው። ልጁ «ቀይ» ማለቱ ነበር። ቀ የምትባለው ፊደል ከጉሮሮው አልወጣ ብላው በእርስዋ ፈንታ አ ይላል፤ ስለዚህም በእርሱ አፍ «ቀይ» ማለት «አይ» ሆኖ፤ የሚፈልገውን በለመነ ቁጥር የለመነውን ይከለከል ነበር። ከብዙ ልጆች ቁጣ በስተ ጀርባ እንደዚህ ያለ ያልተሰማ ቃል እንዳለ ያስተዋለ ወላጅ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ንግግር በልጅ ላይ እንዴት እንደሚያድግ በአጭሩ እንግለጥ። ሕፃን በ6 ወር ገደማ «ባባ» «ማማ» እያለ በከንፈሩ ይጫወታል። ዓመት ሲሞላው አንድ ሁለት ቃል ያወጣል፤ በ2 ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» እንደ ማለት ያለውን ሁለት ቃል ያገጣጥማል፤ 4 ዓመት ሲሆነው እንግዳ ሰው እንኳ አብዛኛውን ነገሩን ያስተውልለታል። መ እና በ በከንፈር የሚነገሩ፥ ለዓይንም የሚታዩ ስለ ሆኑ ቀድመው ይመጣሉ። ረ ግን የምላስ ጫፍ መርገብገብን ስለሚፈልግ፤ እንደ ጠ፥ ጨ፥ ጸ እና ቀ ያሉትም በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ስለ ሆኑ በብዙ ልጅ ላይ ይዘገያሉ። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ ረን ለ ቢላት አያስደነግጥም፤ ነገር ግን በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ያላገጣጠመ፥ ወይም በ4 ዓመቱ ከቤተ ሰቡ በቀር ማንም የማያስተውለው ልጅ ቢኖር «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ምክንያቱም ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጅ በጆሮው ሕመም ምክንያት አጥርቶ አይሰማም። አንዳንዱ ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል፤ ከላንቃው የሚያመልጠው ትንፋሽ በአፍንጫው ስለሚወጣ በ፥ ደ እና ገ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአፍንጫ የሚነገሩት መ እና ነ ብቻ ይቀናሉ። የከንፈር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ በዓለም ላይ ከሚወለዱት 700 ያህል ሕፃናት ባንዱ ላይ ይገኛል። አንዳንዱም ልጅ ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ አሠራር ልዩነት ስላለበት፤ ሌላውም ያለ አንዳች የታወቀ ምክንያት ቋንቋው ይዘገያል። መንተባተብ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ100 ልጆች 5ቱን ያህል በአንድ ወቅት ያገኛቸዋል፤ ከእነርሱም የሚበዙት ይተዋቸዋል፤ ከጎልማሶች መካከል የሚቀርበት ከ100 አንዱ ያህል ነው።

በዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦችን ማረም ይገባናል። የመጀመሪያው፤ እንጥል ማስቆረጥና የምላስን ሥር ባልታጠበ ምላጭ ማስበጣት ነው። እንጥል መቁረጥ ሕፃንን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጠዋል እንጂ አንደበት አይፈታም። ሁለተኛው፤ «በቤቱ ሁለት ቋንቋ ስለሚነገር ነው የዘገየ» ማለት ነው። በየካና በእንጦጦ ዙሪያ ከእናቱ ኦሮምኛ፥ ከአባቱ አማርኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ብዙ ነው፤ ይህም ሀብት እንጂ ደዌ አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን እንደማያዘገይ በምርምር የታወቀ ስለ ሆነ፤ እናት አፍዋን በፈታችበት ቋንቋ ልጅዋን ማናገርዋን እንዳትተው እንመክራለን።

አሁን እጅ ወደ አፍ የሚያደርሰውን መንገድ እንመልከት። ሕፃን ገና ቃል ሳያወጣ በጣቱ ያመለክታል። አምፖሉን ጠቁሞ ወደ እናቱ ፊት ሲመለከት «ያን አየሽው?» ማለቱ ነው፤ ከቃል በፊት የተነገረ ቃል እርሱ ነው። ቀድሞ የሚያመለክት ልጅ ቀድሞ እንደሚናገር የሕፃናትን ጠባይ የመረመሩ ሰዎች ደርሰውበታል። ስለዚህ እጅ ለአንደበት መንገድ ጠራጊ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ለመናገር ደግሞ ነገር ያስፈልጋል። ልጅን ከወንበር ላይ አስቀምጦ «በል ተናገር» ቢሉት ዝም ይላል፤ በፊቱ ግን እርጥብ ጭቃ ቢያኖሩለት የሚለምነው፥ የሚጠይቀው፥ የሚያሳየውና የሚቆጣበት ነገር ያገኛል።

ይህን አሳብ በአውሮፓ ብዙ ሊቃውንት በየዘመናቸው አራምደውታል። በ1800 በአውሮፓ አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር ከጫካ የተገኘውንና ቋንቋ የማያውቀውን ቪክቶር የተባለ ልጅ ኢታር የተባለው ሐኪም በቅርጻ ቅርጽና በሚዳሰስ ነገር ሊያስተምረው ብዙ ዓመት ደከመ። በእርግጥ ልጁ ከጥቂት ቃል አላለፈም፤ ነገር ግን የኢታር ድካም ለተከታዮቹ ዘር ሆነ። ፍሮበል በ1837 በጀርመን አገር የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍቶ፤ ወረቀት ማጠፍን፥ መጐንጐንንና ጭቃ ማድቦልቦልን የትምህርቱ መሠረት አደረገው። ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 በሮማ ከተማ የድኾች ልጆችን ሰብስባ፤ ከብርጭቆ ወረቀት የተቈረጠ ሻካራ ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ ድምፁን እንዲናገሩ አስተማረቻቸው።

ይህ ሁሉ ግን ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በየደብሩ ግቢ ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፤ ሕፃኑ በአንድ እጁ ፊደሉን ይዞ በሌላው እጁ በስንደዶ ጫፍ እየነካ «ሀ፥ ሁ፥ ሂ፥ ሃ» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቈጥራል። ዓይኑ ያያል፥ እጁ ይነካል፥ አፉ ይናገራል፥ ጆሮው ይሰማል፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ከዚህም በላይ የፊደላችን ሰባት ቤት ለአፍ ትልቅ ልምምድ ነው። በካዕብ ከንፈር ይሞጠሙጣል፤ በሣልስ ይለጠጣል፤ በራብዕ ይከፈታል፤ በሳብዕ ይከባል። ስለዚህ የንግግር መምህር ከልጁ ጋራ ሆኖ ሰባት ዓይነት አፍ ከጭቃ ቢሠራና እያንዳንዱን አፍ ከፊደሉ አጠገብ ቢያኖረው፤ ልጁ በጣቱ የቀረጸውን ቅርጽ በከንፈሩ ለመምሰል ይችላል። የአያቶቻችን ስንደዶና የሞንቴሶሪ ሻካራ ፊደል አንድ አሳብ ናቸው።

ሥራውስ እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ ባለሙያው ልጁን አይቶ አንድ ግብ ብቻ ይመርጣል። ግቡ አዲስ ቃል ማስተማር ቢሆን፤ ሸክላው ላይ «ጥፍጥፍ፥ ድቡልቡል፥ እርጥብ፥ ደረቅ» የሚሉትን ቃላት ልጁ ሲሠራ ሳለ እየደጋገመ ይነግረዋል። ልጁ «ጭቃ» ቢል፤ መምህሩ «አዎን፥ እርጥብ ጭቃ» ብሎ አንድ ቃል ጨምሮ ይመልስለታል እንጂ «እንደገና በል» እያለ አያስጨንቀውም። ግቡ መለመን ቢሆን፤ ሥራውን አዘጋጅቶ አንዱን ዕቃ ብቻ ከራሱ ዘንድ ያስቀራል፤ ወይም «ቢጫውን ነው ወይስ አረንጓዴውን?» ብሎ ያስመርጠዋል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ ከሁሉ የሚከብድ ጥበብ ነው፤ እኛ ታላላቆች ልጁ አፉን ሳይከፍት ቀድመን መናገር ልማዳችን ነውና።

ቋንቋችንም ለዚህ ይረዳል። በአማርኛ ግሥ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፤ መምህሩ «ጭቃውን…» ብሎ ቢያቋርጥ ልጁ «ስጠኝ» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። እንዲሁም ሥራው በሦስት ሰው መካከል ሲሆን «ጠፈጠፍሁ፥ ጠፈጠፍህ፥ ጠፈጠፈች» የሚለው የግሥ እርባታ ከቃል ትምህርት ወጥቶ በእጅ ላይ የሚታይ ነገር ይሆናል። ሥራው ሲያልቅም «በመጀመሪያ ምን አደረግን? ቀጥሎስ? በመጨረሻስ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ልጁም የሠራውን ዕቃ ይዞ ስለሚያወራ ነገሩ አይጠፋበትም። በዚህ መንገድ ተረት መተረክን ይለምዳል።

ግቡ አንዲቱን ፊደል ማጥራት ቢሆን ደግሞ፤ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ቃላት ይመረጣሉ። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በጠ እና በተ ብቻ ነው። ልጁ ከጭቃ አንበሳና በግ ሠርቶ «አንበሳው መጣ» ሊል ፈልጎ «አንበሳው መታ» ቢል፤ መምህሩ አንበሳውን አንሥቶ በጉን ይመታበታል። ልጁም ስቆ ወይም ተቆጥቶ ቃሉን ለማረም ይሞክራል፤ ስሕተቱ ምን እንዳመጣ በዓይኑ አይቷልና። እንደዚሁም «መብራቱ በራ» በማለት ፈንታ «መብራቱ በላ» የሚል ልጅ፤ አፍ ያለውና ዳቦ የሚበላ መብራት ተሥሎ ቢታየው ረ እና ለ የተለያዩ መሆናቸውን ከብዙ ቁጣ ይልቅ ይረዳል። «ውሃ ቀዳ» የሚለውን «ውሃ ከዳ» ለሚልም እንደዚሁ ነው፤ ከዳተኛ ውሃ በሥዕል ሲታይ ትልቁንም ሰው ያስቃል።

ለኦቲዝም ልጆች የእጅ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው። ፊት ለፊት ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚከብደው ልጅ፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ሥራ መሥራት ይቀለዋል። የሥራው ተራ የታወቀ ስለ ሆነም ልቡ ያርፋል። ለሚንተባተብ ልጅ ደግሞ በእጁ የሚሠራው የጨርቅ አሻንጉሊት በእርሱ ፈንታ ሊናገርለት ይችላል። የሚንተባተቡ ሰዎች ሲዘፍኑና ከሌላው ጋራ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይያዙ የታወቀ ነው። በቡሄ ዕለት አውራጁ ሲያወርድ ከተቀባዮቹ ጋራ የሚቀበል የሚንተባተብ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ድምፁን ያሰማል፤ ከልጥ የገመደውንም ጅራፍ ያጮኻል። ይህ መንተባተቡን ፈጽሞ ያጠፋዋል ማለት አይደለም፤ ከሰው እኩል ድምፅ እንዳለው ግን ያሳውቀዋል።

ነገር ግን በዚህ ጥበብ ማንም እንዳይታለል አንዳንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። ጭቃ መድኃኒት አይደለም፤ ቀለምም ክታብ አይደለም። ልጅን ከሥዕል ቀለም ጋራ ለብቻው ትቶ መሄድ ሥዕልን ያስተምረው ይሆናል እንጂ ንግግርን አያስተምረውም። የሚጠቅመው ከሥራው ጋራ የሚለዋወጠው ቃል ነው፤ የእጅ ሥራው ድር ቢሆን ንግግሩ ማግ ነው፤ ማግ የሌለው ድር ልብስ አይሆንም። እንዲሁም የሳሙና አረፋ መንፋት፥ በሸምበቆ ቀለም እፍ ማለትና ምላስን ማወዛወዝ ብቻውን ንግግርን እንደማያጠራ ዛሬ ባለሙያዎች ያስረዳሉ፤ ፊደልን ለመናገር የሚጠቅመው ያችኑ ፊደል መናገር ነውና። ላንቃው ለተሰነጠቀ ልጅም ከሁሉ በፊት የሚያሻው የቀዶ ሐኪም ነው፤ ከተሰፋ በኋላ የቀረውን የአነጋገር ልማድ የንግግር ባለሙያ ያርመዋል። ከሁሉም አስቀድሞ የልጁ ጆሮ ሊመረመር ይገባል፤ ያልሰማውን ማንም ሊናገር አይችልምና።

በዚህ ነገር በአገራችን የደከሙ ሰዎች እንዳሉ ማስታወስ ደስ ያሰኘናል። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፤ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ካወቁ በኋላ በ2002 በአውሮፓ አቆጣጠር ኒያ ፋውንዴሽን በተባለው ድርጅት ሥር ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በዚያን ዘመን እንደዚህ ያሉ ልጆች ርግማን ወይም ጋኔን አለባቸው እየተባለ ከእንግዳ ዓይን በጓዳ ይደበቁ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ ግን ልጃቸውን አልደበቁም፤ በአደባባይም ስለ እርሱ ተናገሩ። ደግሞም ከፊደላችን ድምፅ ተነሥተው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውን፤ መናገርና ማንበብ የተቸገሩትን ልጆች የሚረዳ ዘዴ አዘጋጁ። ከውጭ አገር የመጣውን ዘዴ እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ በእጃችን ካለው ፊደል መነሣታቸው ከሥራቸው ሁሉ የሚደነቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፤ ከጓዳ ያወጧቸው ልጆች ምስክሮቻቸው ናቸው።

በስድስት ኪሎ ያለው፥ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው የየካቲት 12 ሆስፒታልም ከንፈራቸውና ላንቃቸው የተሰነጠቀ ልጆችን በማከም የታወቀ ነው። መንግሥታችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር ተቀብሎ አጽድቋል። ነገር ግን የንግግር ሕክምና የተማረ ባለሙያ ከልጆቹ ብዛት ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙው ሥራ በወላጅና በመምህር እጅ ይቀራል፤ እነርሱም ሊማሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ለዚህ ደግሞ የየካና የእንጦጦ አገር ከሌላው ይልቅ የታደለ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል። በቀጨኔ እናቶች ከጥንት የወረሱትን የሸክላ ሥራ ይሠራሉ። ከባሕር ዛፉ ጫካ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ ከነበሩት ሴቶች መካከል ማኅበር አቋቁመው ሽመና የያዙ አሉ። በኮተቤም መምህራን የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው የግማሽ ቀን መንገድ አይራራቁም። አንድ ርእሰ መምህር በሳምንት አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋን ወደ ትምህርት ቤቱ ጠርቶ፤ አፍ ያልፈቱትን ልጆች ከሚናገሩት ጋራ አቀላቅሎ ቢያስቀምጣቸውና የንግግር ባለሙያም ለመምህራኑ መንገዱን ቢያሳያቸው፤ ወጪው የጭቃና የጥቂት ብር ነገር ነው። ሥልጣን ያላችሁ አንባብያን ይህን አስቡበት፤ በየትምህርት ቤቱ አንዲት ክፍል መስጠት ከእናንተ ቃል በላይ አይደለም። ደግሞም ሸክላ ሠሪን፥ ሸማኔንና ጠይብን መናቅ የቈየ ነውራችን ስለ ነበረ፤ የተናቀ እጅ የልጆቻችንን አንደበት ሲያቃና ማየት ለእኛም ትምህርት ይሆነናል።

ለወላጆች የምንመክረው በአጭር ቃል ይህ ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል ሬዲዮኑንና ስልኩን ዘግታችሁ ከልጃችሁ ጋራ መሬት ላይ ተቀመጡ። በቤታችሁ ያለውን ያዙ፤ ሊጥ፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ፥ የጨርቅ ቍራጭ፥ ስንደዶ ይበቃል። የምትሠሩትን በአጭር ቃል ተናገሩ፤ ጠይቁና ጠብቁ፤ የሚንተባተበውን ቃሉን አትጨርሱለት፥ «ቀስ በል» እያላችሁም አታሳቅቁት፤ ይልቁንም እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። በጉባኤ ፊት «እስቲ ተናገር» እያላችሁ አታሳዩት። ወስፌና መቀስም ከታላቅ ሰው እጅ አይውጣ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ከልጁ ጋራ ያቦካ ወላጅ ግን ከእራት የሚበልጥ ነገር ያገኛል።

ያ የጎረቤታችን ልጅ ወደ ሐኪም ተወስዶ ሲመረመር፤ ጆሮው ብዙ ጊዜ እየመገለ መስማቱን አድክሞት እንደ ነበረ ተገኘ። ጆሮው ታከመለት፤ ከዚያም የንግግር ባለሙያ ዘንድ ይመላለስ ጀመር። ባለሙያዋም አያቱን ጠርታ ከመሶባቸው ጋራ አስቀመጠቻቸውና፤ አለላውን ሲሰጡት «ቀይ» የሚለውን ቃል ጉሮሮአቸውን እያስነኩት እንዲናገሩ አስተማረቻቸው። ቀ ስትነገር ማንቁርት ብድግ ስትል በጣቱ ይዳስሳታል። ለብዙ ሳምንት አንዳች አልተገኘም፤ አያቱም ተስፋ ሊቈርጡ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ልጁ አለላውን ራሱ መርጦ «ቀይ» አለ። ረ እስከ ዛሬ ድረስ አልተሸነፈችለትም፤ ሥራው ገና ነው።

በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ወደ ቤታችን ሲመጣ ወንድሙ ከበሩ ውጭ ቆየ። ልጁ ቀይ አበባ የተሣለበትን ወረቀት በሁለት እጁ አቀረበና ለመናገር አፉን ከፈተ። ቃሉ እስኪወጣ ድረስ ረጅም ጊዜ ቆየ። እኛም በዚህ ጊዜ አልቸኰልንም፤ ዝም ብለን ጠበቅነው። የአገራችን ሕፃናት ሁሉ እንደዚህ የሚጠብቃቸው ሰው እንዲያገኙ ምኞታችን ነው።